ከባልቲሞር በሚነሳ ክሩዝ ለመሳፈር ወደቡ ጋ ስንት ሰዓት እንድረስ?

ጥያቄ (ሰላም_ሲልቨርስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን እሁድ ከባልቲሞር ወደ ባሃማስ በሚሄድ መርከብ አራት ሆነን እንሳፈራለን፦ ባለቤቴ፣ እኔ፣ የ6 ዓመት ልጃችንና የ71 ዓመት እናቴ። መርከቡ የሚነሳው 10 ሰዓት ነው (በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ወረቀቱ ላይ 4 ፒኤም ይላል)። ኦንላይን ቼክ ኢን ስናደርግ የመድረሻ ሰዓት ምረጡ ተባልንና 6 ሰዓትን መረጥን። አሁን አንዱ «በጠዋት ሂዱ፣ ምሳችሁን መርከብ ላይ ትበላላችሁ» ይለናል፣ ሌላው «8 ሰዓት ተኩል ብትደርሱም ያስገቧችኋል» ይላል። የምንነዳው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ ባለቤቴ ዜግነት ወስዷል፣ የአሜሪካ ፓስፖርት ግን ገና አላወጣም። የምታውቁ ብትመክሩኝ።

መልስ (ሎከስት_ፖይንት)

እህቴ፣ 6 ሰዓት ከመረጣችሁ 6 ሰዓት ድረሱ። 10 ሰዓት መርከቡ ገመዱን ፈትቶ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ የተሳፋሪዎቹ የመጨረሻ ዝርዝር ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት እንዲደርሰው ሕጉ ያስገድዳል። ስለዚህ የመርከብ ድርጅቶቹ በሩን ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዶቹም አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይዘጋሉ። 9 ሰዓት ከ10 ላይ ብትደርሱ መርከቡ ፊታችሁ ቆሞ እያያችሁት ትቀራላችሁ። ዝርዝሩ ተልኳልና ልመናም ሆነ ትልቅ ሰው ይዘናል ማለት አይጠቅምም። የእናንተ ድርጅት የትኛውን ሰዓት እንደሚከተል የመሳፈሪያ ወረቀታችሁ ላይ ተጽፏል፣ ዛሬውኑ እዩት። 8 ሰዓት ተኩል ያላችሁን ሰው ግን አትስሙት።

«በጠዋት ሂዱ» የሚለውም አያዋጣም። መርከቡ ያን ዕለት ማለዳ የቀደሙትን መንገደኞች ይዞ ነው የሚገባው፤ እነሱ በፓስፖርት ፍተሻ አልፈው ተጠናቀው ሳይወርዱ አዲስ ሰው አይሳፈርም። አብዛኛውን ጊዜ ይህ እስከ 4 ሰዓት ገደማ ይቆያል። 3 ሰዓት ብትደርሱ ከሚወጡት መኪኖች ጋር አንድ መንገድ ላይ ትጋፋላችሁ፣ እናትሽም ቆመው ይጠብቃሉ።

መንገዱን በተመለከተ፣ 35 ማይል ገደማ ነው። መንገዱ ክፍት ሲሆን 45 ደቂቃ ይበቃል፤ እናንተ ግን 4 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ውጡ። በአይ-95 ወደ ሰሜን ስትመጡ መውጫችሁ ቁጥር 55 ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ከፎርት ማክሄንሪ ዋሻ በፊት ያለው የመጨረሻ መውጫ እሱ ነውና ካለፋችሁት ከውሃው ሥር ገብታችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ማዶ ወጥታችሁ፣ ዞራችሁ እንደገና ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ። የኪ ድልድይ ማርች 26 ቀን 2024 ከፈረሰ ወዲህ በእሱ ያልፍ የነበረው መኪና ወደ ዋሻዎቹ ስለዞረ መጨናነቁም ጨምሯል። 54ን ስታዩ የቀኙን መስመር ያዙ።

ተርሚናሉ አንድ ብቻ ስለሆነ አትደናገሩም፤ ፓርኪንጉም አጠገቡ ነው። መጀመሪያ በሩ ላይ ቁሙና እናትሽን፣ ልጁንና ሻንጣውን አውርዱ፣ ከዚያ አንዳችሁ መኪናውን ያቁም። ዊልቸር ካስፈለገ ለድርጅቱ አስቀድማችሁ ደውሉ።

መልስ (ወረቀት_ይቅደም)

ሰዓቱ ላይ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። ሰው ከበር የሚመለሰው ግን በትራፊክ ብቻ አይደለም፣ በወረቀትም ነው።

ባለቤትሽ፦ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ክሩዝ ዜጋ ያለ ፓስፖርት መሄድ ይችላል። ግን የተወለደው ኢትዮጵያ ከሆነ የልደት ሰርተፊኬቱ አይሠራም፤ ኦሪጅናል የዜግነት ሰርተፊኬቱንና መንጃ ፈቃዱን ይያዝ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ወይም ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ፓስፖርቱን ያውጣ፤ ባሃማስ ላይ ታሞ ቢቀር በአውሮፕላን የሚመለሰው በፓስፖርት ነው።

እናትሽ፦ ጊዜው ያላለፈበት ግሪን ካርዳቸውንና የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን፣ ሁለቱንም ኦሪጅናሉን። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለባሃማስ ቪዛ አያስፈልገውም።

ልጁ፦ እዚህ ከተወለደ ከስቴቱ የወጣ የልደት ሰርተፊኬት ይበቃዋል። ሆስፒታሉ የሰጣችሁ፣ የእግሩ አሻራ ያለበት ወረቀት አይሆንም። አንድ የእኛ ነገር ደግሞ አለ፦ ልጁ በአባቱ ስም፣ አንቺ በአባትሽ ስም ስለሆናችሁ «ላስት ኔም» አይገጥምም። የልጁ ሰርተፊኬት ላይ የሁለታችሁም ስም ስላለ ፓስፖርት ቢኖረው እንኳ እሱን አትርሱ። ቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከምታሳዩት ወረቀት ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙንም ዛሬ ተመልከቱ፤ የአያት ስም ቦታ ስቶ የአባት ስም ላይ የገባበት ቲኬት ብዙ ነው።

መልስ (ጥያቄ_አለኝ)

በሰላም ጥያቄ ላይ ልጨምርና፣ መርከቡ ቢያመልጥ መንገድ ላይ መያዝ አይቻልም ወይ? አንዳንዱ የባልቲሞር ክሩዝ ፍሎሪዳ ያለው ፖርት ካናቨራል ወደብ ይቆማል። እኛ ደግሞ ከማያሚ በሚነሳ ክሩዝ ለመሳፈር ከዳላስ በዕለቱ ልንበር ነው።

መልስ (ሎከስት_ፖይንት)

ፖርት ካናቨራል ላይ መሳፈር አይፈቀድላችሁም። በ1886 የወጣ ሕግ አለ፦ የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁሉም የክሩዝ መርከብ፣ ሰውን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አንስቶ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ ማውረድ የሚችለው መሐል ላይ ሩቅ የውጭ ወደብ ከነካ ነው። ባሃማስ ደግሞ በሕጉ «ቅርብ» ነው የሚባለው። የቀረው ሰው ያለው መንገድ ለድርጅቱ ወዲያው ደውሎ፣ ከተፈቀደለት፣ ፓስፖርቱን ይዞ ባሃማስ ድረስ መብረር ነው። ፓስፖርት ለሌለው ይህም ዝግ ነው።

በዕለቱ መብረር አልመክርም፤ በዋዜማው ግቡ። ትኬቱን ከቆረጣችሁ ግን የምታርፉት ቢዘገይ እስከ 6 ሰዓት ይሁን፣ ሻንጣችሁንም በእጅ ያዙ። ፎርት ላውደርዴል ማረፍ ርካሽ ቢሆንም ከዚያ ማያሚ ወደብ ወደ 30 ማይል ይጠጋል፣ ከማያሚ አየር ማረፊያ ግን 8 ማይል ገደማ ነው። ማያሚ ብዙ ተርሚናል ስላለው ለሹፌሩ የተርሚናሉን ፊደል ንገሩት።

መልስ (ወረቀት_ይቅደም)

ስለ ሻንጣ ያልተነሳ ነገር አለ። ለተሸካሚው የምትሰጡት ሻንጣ ካቢናችሁ በር ላይ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። የእናትሽ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት፣ ወረቀቶቹ ሁሉና የልጁ ቅያሬ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ። የካቢን ቁጥር ያለበትን ታግ አትማችሁ በስቴፕለር ምቱት፣ ዙሪያውንም በፕላስተር ጠቅልሉት፤ ወረቀቱ ብቻውን ይቀደዳል።

የቡና ምድጃውን ደግሞ ቤት ተዉት። የሚግል ነገር ያለው ዕቃ (ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ)፣ እንዲሁም ሻማ፣ ከሰልና ዕጣን መርከብ ላይ ክልክል ነው፤ ባሕር ላይ እሳት ከተነሳ መሸሻ የለም። ኤክስሬይ ላይ ከታየ ሻንጣው በሙሉ ተይዞ ይቀራል፣ ማታ እናንተ ራሳችሁ ሄዳችሁ ፊታችሁ ተከፍቶ ምድጃው ከወጣ በኋላ ነው የሚሰጣችሁ።