ሄክሳኑ አልመለስ አለ፣ ሜታኖሉ ደግሞ መጨመሩን አላቆመም

ሰላም፣ በሄክሳንና በሜታኖል ከተዘጋጀ የመድኃኒት ዕፅዋት ኤክስትራክት ውስጥ የቀረውን ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) በሄድስፔስ ጋዝ ክሮማቶግራፊ (የታሸገ ጠርሙስ አሙቆ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ጋዝ በመመርመር) እየለካሁ ሁለት ነገር አላስኬድ ብሎኛል።

አሠራሩ፦ 200 ሚሊግራም ዱቄት፣ 5 ሚሊሊትር ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ (ዱቄቱን ማሟሟያ)፣ 20 ሚሊሊትር ቫያል (ክዳን ያለው ትንሽ ጠርሙስ)፣ በ80 ዲግሪ 45 ደቂቃ። ኮለሙ (ጋዞቹን የሚለያየው ቀጭን ቱቦ) 6 በመቶ ሳያኖፕሮፒልፊኒል ያለው፣ 30 ሜትር በ0.32 ሚሊሜትር፣ ፊልሙ 1.8 ማይክሮሜትር። ምድጃው 40 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ቆይቶ በደቂቃ 10 ዲግሪ እስከ 240 ይወጣል። ዲቴክተሩ ኤፍአይዲ (በነበልባል የሚለካ) ነው።

ሄክሳን በተፈቀደው ገደብ ልክ (290 ፒፒኤም ወይም ከሚሊዮን 290 እጅ፣ ማለትም በቫያል 58 ማይክሮግራም) ስጨምር ከጨመርኩት ተለክቶ የሚመለሰው 62 በመቶ ብቻ ነው። ዱቄት በሌለበት ቫያል 98 ስለሚሰጥ ክዳኑ ያስተነፍሳል ማለት አልቻልኩም። ቫያሉ ሲወጣ ከታች ቡናማ ሙጫ ተጣብቆ ይታያል፤ ሄክሳኑን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ይመስለኛል።

የሜታኖሉ ይብሳል። በ30 ደቂቃ 1,400፣ በ45 1,650፣ በ60 1,900 ፒፒኤም። በፈሳሹና በጋዙ መካከል ሚዛኑን ስላልያዘ ነው እንዳልል ሄክሳኑ ከ30 ደቂቃ በኋላ ንቅንቅ አይልም፤ ባዶው ቫያልም ሜታኖል አያሳይም። ሙቀቱ ከዕፅዋቱ ፔክቲን ሜታኖል እየፈታ ይሆን? ከ3,000 ፒፒኤም ገደቡ በታች ስለሆነ ያልፋል፣ ግን የትኛውን ቁጥር ልመዝግብ?

ዱቄቱን ወደ 100 ሚሊግራም ዝቅ ማድረግ ይበቃል ወይስ በሦስት ደረጃ ስታንዳርድ አዲሽን (የታወቀ መጠን እዚያው ናሙና ላይ እየጨመሩ መለካት) ልሥራ? ለሜታኖሉ ወደ 60 ዲግሪ ብወርድ ሄክሳኑን ይባስ አላጣውም? ከዲሜቲል ፎርማማይድ (ሌላ ማሟሟያ) ጋር የሞከራችሁት ካላችሁ ሙጫው መሟሟቱን ንገሩኝ።