«የገበሬ ቢላ» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ? ኦፒኔል እና ቪክቶሪኖክስ

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ትናንት ማታ ቡራቡሬ እዚህ ግሩፕ ላይ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ። ወንድሜ ከሊዮን ሊመጣ ነው፣ ኪስ የሚገባ፣ ኪስም የማይጎዳ ሰንጢ ላስመጣ ነው፤ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ቁጥር 8 ይሻለኛል ወይስ የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን? አለ። ሞረድ በአራት ቃል ዘጋው፦ «ኦፒኔል የገበሬ ቢላ ነው።» በቃ። አሥራ አንድ ሰው ሳቀለት። እኔ ስገላበጥ አደርኩ። የገበሬ ቢላ ማለት ምን ማለት ነው? ገበሬ የያዘው ስለት አይቆርጥም? እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን በገበሬ ጉልበት ያደግነው?

ሞረድ፦
ወይ ጉድ፣ ለቢላም ጠበቃ ይቆማል? ወንድሜ ደረጄ፣ ያልኩት እውነት ነው። ጆሴፍ ኦፒኔል በፈረንጆቹ 1890 ፈረንሳይ፣ ሳቫዋ ተራራ ላይ ሰንጢውን ሲሠራ ደንበኞቹ የአገሩ ገበሬዎች ነበሩ። አንድ ስለት፣ አንድ እንጨት፣ አለቀ። ዳቦና አይብ ይቆርጣል። ስፓርታን ሁለት ስለት አለው። ጣሳ መክፈቻ አለው፣ ጠርሙስ መክፈቻ አለው፣ የቡሽ መንቀያ አለው፣ ወስፌ አለው፣ ወረንጦ አለው፣ ስቴኪኒ ሳይቀር አለው። ይህ ሁሉ ታጥፎ 9 ሳንቲሜትር ነው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ስቴኪኒ! ሥጋ ቤት ጠረጴዛው ላይ በነጻ የተቀመጠውን ስቴኪኒ ከስዊዘርላንድ ልናስመጣ ነው። ደግሞ ጥያቄዬን አልመለስክም።

ባለ ካቻቢቴ፦
ሁለታችሁም የምታወሩት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው። እኔ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሰላል ላይ ነኝ። ሽቦ ስልጥ ነው የምውለው። ስፓርታን ላይ የምወደው የጠርሙስ መክፈቻውን ጫፍ ነው። የሶኬት ብሎን ይፈታል፣ ካቻቢቴ ፍለጋ ከመሰላል አያስወርደኝም። የምፈራው ስለቱን ነው። በሞላ ይቆማል እንጂ አይቆለፍም። ከዓመታት በፊት ስሙ እንኳ የማይነበብ፣ ቁልፍ የሌለው የመንገድ ላይ ሰንጢ ይዤ ፕላስቲክ ቱቦ ስበሳ ታጠፈብኝ። አመልካች ጣቴ ላይ አራት ስፌት። ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዘኛል። ኦፒኔል ግን አንገቱ ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት ካዞርካት ስለቱ ንቅንቅ አይልም።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ተባረክ። ቀለበቷን በ1955 የጨመራት ማርሴል ኦፒኔል ነው። ገበሬም ጣት እንዳለው የገባው ሰው ነበር።

ሞረድ፦
ቀለበቷን ማዞር ለሚያስታውስ ነው እሱ። ሰንጢ ይቆረጥበታል እንጂ አይበሳበትም። ለመብሳት ወስፌ አለ፣ እሱም ስፓርታን ላይ ነው ያለው። ቱቦ የበሳህበትን ጥፋት ለሞላው አታሸክመው።

ባለ ካቻቢቴ፦
መሰላል ላይ ውጣና ወስፌውን በጥፍርህ ፈልቅቀህ አውጣው፣ ከዚያ እናወራለን።

ሶሊ ለንደን፦
እዚህ እናንተ የምትከራከሩበትን ነገር ሕጉ ጨርሶታል። ያለ ምክንያት ኪስህ ውስጥ መያዝ የምትችለው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.6 ሳንቲሜትር ገደማ ያልበለጠ ብቻ ነው። ስፓርታን ያልፋል። ኦፒኔል ቁጥር 8 በሁለቱም ይወድቃል፤ ይቆለፋል፣ ስለቱም 8 ሳንቲሜትር ተኩል ነው። ለጣት ደኅንነት ብለው የሠሩት ቁልፍ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ ያስገባል።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ሶሊዬ፣ ቡራቡሬ የሚኖረው ኮተቤ ነው። ለንደን ፔክሃም አይደለም።

ሶሊ ለንደን፦
አውቃለሁ። ግን ይህን የሚያነበው ቡራቡሬ ብቻ አይደለም። አንዱ «ደረጄ ብሎኛል» ብሎ ይዞት ባቡር ይሳፈራል።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጆች፣ ፍተሻውን ረሳችሁት። ባለፈው ወር አንድ ሕንፃ ልገባ ስል ፈታሿ ከቦርሳዬ ቀዩን የስዊዝ ሰንጢ አወጣችው። ቆመን ሰልፉን አስረዘምነው። አንድ በአንድ ገለጠችው። ጣሳ መክፈቻው ላይ ምንም አላለችም። የቡሽ መንቀያው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ «ይሄስ፣ አባባ?» አለችኝ። «ለወይን ነው» አልኳት። ሽበቴን አየችና ሳቀች። «ሲወጡ ይወስዱታል» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያ የእንጨት እጀታ ያለው ቢሆን ኖሮ ገና ሳትገልጠው «ጩቤ» ትለኝ ነበር።

ሞረድ፦
ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያሳለፈዎት ሽበትዎ ነው። ሞረድ ያንኑ ሰንጢ ይዞ ይሂድ፣ ከነቡሽ መንቀያው ወደ ጎን ቁም ነው የሚባለው። ሰንጢ የያዘ ጎረምሳ አገራችን ውስጥ ኪስ ቀዳጅ ነው፤ ማን እንደሠራው አይጠየቅም።

ትዕግሥት ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እናንተ ወንዶች ወስፌ፣ ቡሽ፣ ፖሊስ ትላላችሁ። ሰው ሰንጢ በብዛት የሚያወጣው ለምንድነው? ለብርቱካን፣ ለማንጎ፣ ለካርቶን። እኔ ሁለቱም አሉኝ። የኦፒኔል ስለት ስስ ነው፣ ቲማቲም ሳይጨምቅ ያልፋል። ቁርጥ ቢቀርብልህ ስሱን ስለት ነው የምትመርጠው። ግን አንድ ነገር ሳትነግሩት እንዳይገዛ፦ ኦፒኔል ሁለት ዓይነት ነው። ስለቱ ላይ «ካርቦን» የሚል አለ፣ «ኢኖክስ» የሚል አለ። ካርቦኑን ሎሚ አስነክተሽ ሳትጠርጊ ብታሳድሪው ጠዋት ጠቁሮ ነው የምታገኚው። ፍሬው ላይም የብረት ጣዕም ይተዋል።

ሞረድ፦
የገበሬ ቢላ አላልኩም?

ትዕግሥት ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አላስጨረስከኝም። ካርቦኑ ድንጋይ ላይ ሁለት ሦስቴ ብታስኬደው ምላጭ ነው። ኢኖክሱ ደግሞ አይዝግም፣ ዋጋቸውም ያን ያህል አይራራቅም። ስፓርታን ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጥያቄው እኮ «ኪስ የማይጎዳ» ነበር።

ሞረድ፦
እሺ ዋጋውን ተውነው። ሐምሌ ሲመጣስ? እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል። ዝናብ የመታው ኦፒኔል ስለቱ እጀታው ውስጥ ነክሶ ይቀራል። በጥፍር ብትስበው አይወጣ። ብርቱካንህን ታቅፈህ ክረምቱ እስኪወጣ ትጠብቃለህ።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
የሳቫዋ ሰዎች መላውን ያውቁታል። የእጀታውን ቂጥ ጠንካራ ነገር ላይ ጠቅ ታደርገዋለህ፣ ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል። ከዚያ በሁለት ጣት ስበህ ታወጣዋለህ። ብልሃቱ ስም ሁሉ አለው፣ «የሳቫዋው ምት» ይሉታል።

ሞረድ፦
ቢላ ለመክፈት ጠረጴዛ መደብደብ። ልክ ነህ፣ የገበሬ አይደለም፣ የአንጥረኛ ነው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
አሁን ደግሞ አንጥረኛ ስድብ ሆነ! ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ። ለመሆኑ ያንተው የቪክቶሪኖክስ መሥራች ካርል ኤልዘነር ምን ነበር? አንጥረኛ አልነበረም? በ1884 ስዊዘርላንድ፣ ኢባክ ውስጥ የቢላ ሥራ የከፈተ የእጅ ባለሙያ ነው። ደግሞ የመጀመሪያው የስዊዝ ወታደር ሰንጢ የተሠራው ጀርመን፣ ዞሊንገን ነው። የራሳቸው አገር ትእዛዙን የሚችል ፋብሪካ አልነበረውም። ከ1891 ወዲህ ነው ኤልዘነር ማቅረብ የጀመረው። ያ የቡሽ መንቀያ ያለው «የመኮንኖች» የሚባለውን ደግሞ ሠራዊቱ በይፋ አድሎት አያውቅም። መኮንኑ ከኪሱ ነው የሚገዛው።

ሞረድ፦
ዞሊንገንን ማን ጠየቀህ? ሰውየው ፋብሪካውን በእናቱ ስም ነው የጠራው፤ ቪክቶሪያ ትባል ነበር። «ኢኖክስ» የማይዝግ ማለት ነው፣ በ1921 ተጨመረበት። እናቱን የሚያከብር ሰው የሠራው ዕቃ ይታመናል።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
እናቱን ላከበረ ክብር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ አባቴን ላክብር፤ ገበሬ ነው።

ትዕግሥት ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ክብር ካነሳችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦፒኔል ስለት ላይ ዘውድ ያለው እጅ አለ፣ ሦስት ጣት የዘረጋ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እዚያው ሳቫዋ ያለችው የሳን ዣን ደ ሞሪየን ከተማ ዓርማ ነው። ከተማዋ የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች እኔ ዘንድ ናቸው ብላ የምታምን ናት። እጁ የሚባርክ እጅ ነው። ዘውዱ የሳቫዋ መስፍኖች ነው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
እልልልል! ሞረድ፣ የት ገባህ?

ሞረድ፦
አሁን ደግሞ ሰንጢውን ልትሳለሙት ነው። የእኔ ላይ መስቀል አለ፤ እጅ ከመስቀል አይበልጥም።

ሶሊ ለንደን፦
ቂቂቂ። ያ የስዊዝ ባንዲራ ነው እኮ።

ሞረድ፦
ባንዲራው ላይ ያለውስ ምንድነው? ካቻቢቴ ነው?

ጋሽ ታዛቢ፦
ሃይማኖቱን ተዉት። ግሩፑ ይዘጋባችኋል።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
እሺ ጋሼ። ሞረድ፣ ወደ ጥያቄዬ። «የገበሬ ቢላ» ያልከውን ታነሳዋለህ ወይስ አታነሳውም?

ሞረድ፦
ለማሞገስ ነበር። ቀላል፣ ጠንካራ፣ ከንቱ ጌጥ የሌለው ማለቴ ነው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ለማሞገስ ከነበረ አሥራ አንዱን ሰው ምን አሳቃቸው?

ሞረድ፦
እነሱን ጠይቃቸው።

ባለ ካቻቢቴ፦
እኔ ከሳቁት አንዱ ነኝ። የሳቅኩት በእውነቱ በገበሬው አልነበረም። ሞረድ መቼም ቢሆን በአራት ቃል ጨርሶ ስለማያውቅ ነው።

ጋሽ ታዛቢ፦
ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ጋሼ፣ ሞኙ እኔ ነኝ?

ጋሽ ታዛቢ፦
እኔ ተረት ነው ያልኩት። ለማን እንደሚስማማ አልለካሁም።

ሞረድ፦
ይስማማል ይስማማል።

ትዕግሥት ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቡራቡሬ የታል? ከትናንት ጀምሮ ድምፁ የለም። ወንድምህ ከመጣ በሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ እንዳይዘው ንገረው፣ አየር ማረፊያ ይወስዱበታል።

ቡራቡሬ፦
አለሁ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ወንድሜ ዛሬ ደወለ። ሻንጣው ሞልቷል። የእማዬ መድኃኒት፣ የሕፃን ልብስና የጎረቤት አደራ ኪሎውን ጨርሶታል። ሰንጢ አልይዝም ብሏል።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ቁጥር 8 እኮ 50 ግራም አይሞላም! ሁለት ሎሚ አይከብድም። የጎረቤቱን አደራ ትንሽ ፈታ ያድርገው።

ሞረድ፦
ስፓርታንም 60 ግራም አያልፍም። ከነስቴኪኒው።

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
አየህ፣ 10 ግራም ይበልጣል። ሻንጣ ሲሞላ ከኪሎው የምታሳልፈው እሷ ናት።

ቡራቡሬ፦
ወንድሞቼ፣ እኔ ሰንጢውን የፈለግኩት ሥራ ቦታ ብርቱካን ለመላጥ ነበር። ዛሬ በጥፍሬ ላጥኩት።

ሞረድ፦
በጥፍር? እንደ ገበሬ?

ደረጄ ዘካዛንቺስ፦
ስክሪንሾት ሁለት።