ክርክር፦ መርፌ የማትወጋ የውበት ባለሙያ የፊለርን ጉዳት ማወቅ ይጠበቅባታልን?

ጠያቂዋ፣ የፊት እንክብካቤ ባለሙያ፣ ደሴ፦
ከዐረብ አገር ወይም ከአዲስ አበባ ከንፈራቸውንና ጉንጫቸውን በፊለር፣ ማለትም ከቆዳ ሥር በመርፌ በሚገባ መሙያ፣ አስሞልተው የሚመጡ ደንበኞች ለሠርግና ለዒድ ሲዘጋጁ እኛ ዘንድ ፌሻል ይጠይቃሉ። መርፌ መውጋት ሥራችን አይደለም። ታዲያ ፊለር የሚያስከትለውን ጉዳት ማወቅ የእኛ ፋንታ ነው ወይስ ለሐኪም የሚተው?

የሳሎን ባለቤት፣ ኮምቦልቻ፦
ለሐኪም ይተው እላለሁ። ሠራተኞቼን ስለ ደም ሥር መዘጋት ባስተምራቸው፣ አንዷ «ጉዳቱን ካወቅሁ መውጋቱ ምን ይከብደኛል» ብላ መርፌ እንደማታነሣ ማን ዋስ ይሆነኛል? ፊለርን ያለ መርፌ በግፊት የሚያስገባውን ብዕር በቪዲዮ ዐይታ ልትገዛ የነበረች ሠራተኛ ነበረችኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ማንም እንዳይጠቀምበት ማስጠንቀቁን ስነግራት ነው የተወችው።

ነርስ፣ ደሴ፦
እኅቴ፣ ያነሡት ምሳሌ ማወቅ ይገባታል ለምለው ለእኔ ይመሰክራል፤ ልጅቷን የመለሳት ስለ ጉዳቱ የነገሯት ነውና። ፊለሩ ወደ ደም ቧንቧ ከገባ ወይም ቧንቧውን ከውጭ ከተጫነው፣ ደም ያልደረሰው ቆዳ ይሞታል። የዐይንን ደም ሥር ከዘጋ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዐይን የውስጥ ሽፋን) ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቢታገሥ ነው፤ ይህ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በመርፌው ሰዓት የሚከሠት ስለ ሆነ ወደ ሳሎን አይደርስም። ወደ እናንተ የሚደርሰው የቆዳው ጉዳት ነው፤ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ እንደ መረብ የተጠላለፈ ሐምራዊ መልክ ያወጣል፣ በቀናት ውስጥም መግል የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ይታዩበታል። ባለሙያዋ ይህን ብጉር ወይም ተራ በለዝ መስሏት በእንፋሎት ብታጥነው፣ ብታፈርጠው ወይም በረዶ ብትይዝበት፣ ለመድኃኒቱ የቀረውን ጊዜ ታባክናለች። በሃያሉሮኒክ አሲድ የተሠራ ፊለር ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድኃኒት ይሟሟል፣ በጊዜ ከተሰጠ። በካልሲየም የተሠራውና ሲሊኮን ግን በዚህ መድኃኒት አይሟሙም፤ ስለዚህ የተወጋችው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል።

የሳሎን ባለቤት፣ ኮምቦልቻ፦
ሲስተር፣ በለዝን ከደም ሥር መዘጋት መለየት ራሱ ምርመራ አይደለምን? ሠራተኛዬ «ምንም የለብሽም» ብላ ብታሰናብታት ተጠያቂው ማን ነው?

ነርስ፣ ደሴ፦
እንዲህ ማለት ፈጽሞ የእርሷ ሥልጣን አይደለም። ቆዳውን በጣቷ ተጭና ስትለቀው ቀለሙ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ካልተመለሰ፣ ወይም ሕመሙ ከበረታ፣ ሥራዋን አቁማ ለወጋት ሐኪም ታስደውላለች፣ ወደ ሆስፒታልም ትልካለች። ምልክቱ ባይሟላም ከተጠራጠረች ትላክ። የበሽታውን ስም የሚሰጠው ሐኪም ነው።

ጠያቂዋ፣ ደሴ፦
እውነቱን ለመናገር፣ ከተወጋች 4 ቀን የሆናትን ደንበኛ ሳልጠይቃት ጉንጯን አጥብቄ አሽቻታለሁ። ፊለሩ ገና ሳይረጋ ሊሸሽ እንደሚችል ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ደግነቱ ምንም አልሆነችም።

የሳሎን ባለቤት፣ ኮምቦልቻ፦
በመመዝገቢያችን ላይ «ፊትዎን ተወግተዋልን? መቼ? በምን?» የሚለውን አስገባለሁ፤ ሁለት ሳምንት ላልሞላት ማሳጅም እንፋሎትም አይኖርም። ሠራተኞቼም ምልክቶቹን ይማሩ፤ አስተማሪው ግን ሐኪም ወይም ነርስ ይሁን እንጂ ፊለር ሻጭ ሳሎኔ ገብቶ እንዲያሠለጥን አልፈቅድም።