ያላስፈራኝን አስፈሪ ታሪክ እንዴት ልመዝነው?

ጥያቄ

ሳይንሳዊ፣ ምናባዊና አስፈሪ አጫጭር ልቦለዶችን እያነበብሁ ሂስ መጻፍ ከጀመርሁ ጥቂት ወራት ሆነኝ። ሦስቱንም በአንድ ሚዛን ስመዝን መክረሜን ያስተዋልሁት ግን ዘግይቼ ነው። በቅርቡ ስለ አንድ አስፈሪ ታሪክ «ምንም አላስፈራኝም» ብዬ ከጻፍሁ በኋላ፣ ጉድለቱ የታሪኩ ይሁን የእኔ ለይቼ መናገር አቃተኝ። መጨረሻውን ሳልገልጥ ስለ መጨረሻው እንዴት እንደሚጻፍም ግራ ገብቶኛል። ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ስለ ሳይንሳዊው ልቦለድ ልጀምር፤ ሚዛን አብዝቶ የሚዛባው እዚያ ነውና። ፈረንሳዊው ደራሲ ጁል ቬርን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ልቦለድ መንገደኞቹን ወደ ጨረቃ የላካቸው በመድፍ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ደግሞ በ1901 የስበትን ኃይል የሚጋርድ ቁስ ፈጥሮ የራሱን መንገደኞች ላከ። ቬርን በኋላ እርሱ በፊዚክስ እንደሚገለገል፣ ዌልስ ግን እንዲያው እንደሚፈጥር በቅሬታ ተናግሯል። ይሁንና የቬርን መድፍ በእውን ቢተኮስ ኖሮ መንገደኞቹ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጡ በድንገተኛው የፍጥነት ጭማሪ ተጨፍልቀው ያልቁ ነበር። ስለዚህ ሳይንሱ ትክክል መሆኑን ብቻ ከመመርመር፣ ሃያሲው ዳርኮ ሱቪን «ኖቩም» የሚለው ያ አንድ አዲስ ነገር በታሪኩ ዓለም ውስጥ ምን ምን እንደለወጠ መከታተል ይበጃል። ትዝታ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍበት ዓለም ፍርድ ቤቱ ዛሬም ምስክር አቁሞ «ያየኸውን ተናገር» የሚል ከሆነ፣ ደራሲው ፈጠራውን ዳር ድረስ አላሰበበትም።

መልስ 2

አስፈሪውን በሚመለከት፣ እንግሊዛዊቷ የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ አን ራድክሊፍ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1826 በታተመ ጽሑፏ ሁለት ነገሮችን ለይታ ነበር፤ አንደኛው ነፍስን የሚያሰፋና ስሜትን የሚያነቃ ሥጋት፣ ሁለተኛው የሚያኮማትርና የሚያደርቅ ሰቀቀን። ታሪኩ የትኛውን እንደፈለገ ሳይለዩ «አላስፈራኝም» ማለት ለአንባቢ የሚነግረው ነገር የለም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ከግድግዳው ጀርባ የሚሰማው የጥፍር ጭረት ሦስት ገጽ ሙሉ ልቤን ሰቅሎ ከያዘ በኋላ፣ ተራኪው የፍጡሩን ጥርስና ቆዳ አንድ በአንድ መዘርዘር ሲጀምር ሥጋቴ ረገበ።» ዝርዝሩን የሚወድ አንባቢ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ታሪኩ ለእርሱ እንደሚሆን ያውቃል። (በጠራራ ፀሐይ አንብቤ ደካማ ነው ያልሁትን ታሪክ ሌሊት ብቻዬን ደግሜው ያፈርሁበት ጊዜም አለ።)

መልስ 3

የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ባቀረበው ንግግር፣ አንባቢ በደራሲው ዓለም ውስጥ እስካለ ድረስ የሚነገረውን እንደሚያምን፣ ጥርጣሬ በተነሣ ቅጽበት ግን ምትሃቱ እንደሚፈርስ አስረድቷል። ይህ የተባለው ስለ ምናባዊ ተረት ቢሆንም ለሦስቱም ይሠራል፤ ማመን ያቆማችሁበትን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ አስምሩበት።

ስለ መጨረሻው ግን፣ ጨርሶ አይነካ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ለሳይንሳዊና ምናባዊ ልቦለድ በሚሰጠው በሁጎ ሽልማት መመዘኛ አጭር ልቦለድ ከ7,500 ቃላት ያነሰ ነው፤ በዚህ ስፋት መጨረሻውን የዘለለ ሂስ የታሪኩን ግማሽ ዘለለ ማለት ነው። የሆነውን ሳይሆን የተዘጋጀበትን መንገድ ጻፉ፦ ንግር (አስቀድሞ የተጣለ ፍንጭ) ነበረው ወይስ ከሰማይ ዱብ አለ?

ጠያቂው

በምክራችሁ መሠረት ታሪኩን በእርሳስ ደግሜ አነበብሁት። ያሰመርሁት አራተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በሩ ከውስጥ መቆለፉ ከተነገረን በኋላ ባለታሪኳ ያለ ምንም ማብራሪያ ደጅ ቆማ ትገኛለች። ለካ ፍርሃቴ የጠፋው እዚያ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግን ታሪኩ በደንብ ይዞኝ ስለነበር፣ የቀድሞ ሂሴን ሳልሰርዝ እርማቱን ከሥሩ እጨምራለሁ።