«ሐመ ወሞተ» ሲባል ምን ታመመ ማለት ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ሐዋሳ ገብርኤል ቅዳሴ ላይ ነበርን። ጸሎተ ሃይማኖት ጋ ሲደረስ ትንሿ ልጄ ተጠግታኝ «ጌታ ምን አሞት ነው የሞተው?» አለችኝ። «ታመመ፣ ሞተ፣ ተቀበረ» ሲባል ሰምታ ነው። ግእዙ «ሐመ ወሞተ ወተቀብረ» ይላል። እዚህ ላይ «ታመመ» በትክክል ምን ማለት ነው?

የግእዝ ተማሪ፦ እህቴ፣ «ሐመ» በሽታንም ስቃይንም ይይዛል። ሰሙነ ሕማማት ስንል የበሽታ ሳምንት ማለታችን አይደለም። ኢሳይያስ 53፥3 ላይ «የሕማም ሰው ደዌንም የሚያውቅ» ይላል። በሽታውን ደዌ ብሎ ለይቶታል።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ሐሙስም ሐሞትም ከዚሁ ሥር ናቸው ባይ ነኝ። ጭንቀቱ የጀመረው ሐሙስ ማታ ነው። ሐሞትም አቅርበውለታል፣ ማቴዎስ 27፥34።

የግእዝ ተማሪ፦ አይሆንም ወንድሜ! ኀሙስ በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። ከኀምስ የመጣ፣ አምስተኛው ቀን። ሕማም በሐመሩ ሐ ነው። ፊደሉን ካልጠበቅን ሥሩን ከየት እናገኘዋለን?

ሐይቅ ዳር፦ እሺ ኀሙስን ተውኩት። ሐሞት ግን በሐመሩ ሐ ነው።

የግእዝ ተማሪ፦ ሕማም ላይ መ ይደገማል፤ ሐሞት ላይ የት አለ? ቅኔ ቤት እንዲህ ብትል የኔታ ዝም አይሉህም።

የጉባኤ ልጅ፦ እኛ ቸርች «መከራ ተቀበለ» ነው የምንለው። 1ኛ ጴጥሮስ 4፥1ም እንደዚያ ነው። ለልጅም ይቀላል። እኔን የሚከብደኝ «አምላክ ሞተ» ስትሉ ነው። አምላክ ይሞታል እንዴ?

ዲያቆን፦ በየቅዳሴው «ቅዱስ ሕያው ዘኢይመውት» ብለን «ወተሰቅለ ዲበ ዕፀ መስቀል» እንላለን። የማይሞተው ራሱ ነው የተሰቀለው። እባካችሁ ለሁለት አትክፈሉት። ሞት የነፍስና የሥጋ መለያየት ነው። ነፍሱ ከሥጋው ተለየች፤ መለኮቱ ግን ከሁለቱም አልተለየም። ከሥጋው ጋር በመቃብር፣ ከነፍሱ ጋር በሲኦል ነበር። ስለዚህ መለኮት ሞተ አንልም፤ አምላክ በሥጋ ሞተ እንላለን። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ቄርሎስ በ430 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆቹ) ክርስቶስን ለሁለት ይከፍላል ተብሎ ለተወገዘው ለቁስጥንጥንያው ንስጥሮስ በጻፈው ደብዳቤ 12ኛው ግዝት (ውግዘት) ይኸው ነው፤ ቃል (እግዚአብሔር ወልድ) በሥጋ መከራ ተቀበለ፣ በሥጋ ተሰቀለ፣ በሥጋ ሞትን ቀመሰ። «በሥጋ» የምትለዋን ከጣልን መለኮት ተሠቃየ ይሆንብናል። «አምላክ» የሚለውን ከጣልን ደግሞ የሞተልን ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ታዲያ ሌላ ሰው ሞቶ እኔ እንዴት እድናለሁ?

የጉባኤ ልጅ፦ ስቃዩ የሥጋ ከሆነ ቃል ምን ነካው?

ዲያቆን፦ የሥጋ ገንዘብ ለቃል፣ የቃል ገንዘብ ለሥጋ ሆነ። ሕማሙ የራሱ ነው፤ ከሩቅ ያየው አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦ ገንዘብ?

የግእዝ ተማሪ፦ ብር አይደለም። የራስ የሆነ ሁሉ ገንዘብ ይባላል። «ገንዘብ አደረገ» ማለት የራሱ አደረገ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ታዲያ ብሩ መቼ ነው ስሙን የወሰደው? ሥሩ «ገነዘ» ይሆን? ሬሳ መገነዝ፣ ከዚያ ገንዘብ…

የግእዝ ተማሪ፦ «በ»ዋን ምን ልታደርጋት ነው ወንድሜ?