በቀን አንድ ምዕራፍ፦ የማርቲን ቤክን አሥር መጻሕፍት በአንድ ዓመት ለማንበብ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ስቶክሆልም ያለው የንባብ ቡድናችን ለጥናት ማኅበሩ የሚያስገባው የዓመቱ ዕቅድ እስከ እሑድ ማለቅ አለበት። የኔን ሐሳብ ላስቀምጥና እናንተ አስተካክሉት።

አምና የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አሥራ ሁለት ደራሲ፣ አሥራ ሁለት አገር ብለን ጀመርን፣ ጥር ላይ ሦስት ሰው ቀረን። ነገሩ ስንፍና አይመስለኝም። በየወሩ ከዜሮ መጀመር ነው ያደከመን። አዲስ ስም፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አጻጻፍ፤ ሰው ገና ሲለምደው መጽሐፉ ያልቃል። ተከታታይ የወንጀል ልቦለድ ላይ ግን ሁለተኛው መጽሐፍ ስትደርሱ ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ማን ከሚስቱ ጋር እንደማይግባባ፣ ማን ጉንፋን እንደማይለቀው፣ ማን ያነበበውን ሁሉ እንደማይረሳ ታውቃላችሁ። እንደ ጎረቤት ይሆናሉ።

ስለዚህ የማቀርበው የስዊድናውያኑን ጥንድ ደራሲዎች፣ የማይ ሾቫልንና የፔር ቫሎን፣ አሥር መጻሕፍት ነው፣ የስቶክሆልሙን መርማሪ የማርቲን ቤክን ታሪክ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1965 ወጣ፣ የመጨረሻው በ1975። ጥንዶቹ ልጆቻቸውን ካስተኙ በኋላ ማታ ማታ ተቀምጠው አንዱን ምዕራፍ እሷ፣ አንዱን እሱ እየጻፉ ነው የጨረሱት። ሲነሱም ያሰቡት አሥር ለየብቻ የቆሙ መጻሕፍት አልነበረም። እያንዳንዱ 30 ምዕራፍ፣ በድምሩ 300 ምዕራፍ ያለው አንድ ረጅም ታሪክ ነው።

እና ትናንት ማታ ኩሽና ውስጥ የተሰቀለውን የኛን ካላንደር ሳይ ድንገት ብልጭ አለልኝ። የኛ ወር እኮ ሠላሳ ቀን ነው! በቃ፣ በቀን አንድ ምዕራፍ። መስከረም 1 ቀን የአንደኛው መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ፣ መስከረም 30 ምዕራፍ ሠላሳ፣ ጥቅምት 1 ሁለተኛው መጽሐፍ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ 30 ላይ አሥሩም ያልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ወደኋላ ለቀረ ሰው፣ ጳጉሜ ለመጨረሻው ስብሰባ። «የት ደረሳችሁ?» ብሎ መጠየቅ የለም፣ ቀኑን ማየት ነው። በፈረንጅ ወር ይኼ አይገጥምም።

ገንዘብ ያዥ፦
የካላንደሩ ነገር በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ለምን ከአራተኛው አንጀምርም? «የሚስቀው ፖሊስ» ነው አሜሪካኖቹ በ1971 ኤድጋር የሚባለውን የወንጀል ልቦለድ ሽልማት የሰጡት። ሰው ታኅሣሥ ላይ ቢያቋርጥ እንኳ ዋናውን አንብቦ ይሆናል። አንደኛው «ሮሴአና» በጣም ቀርፋፋ ነው፣ እዚያው ላይ ሰው እንዳይቀርብን እፈራለሁ።

ሰብሳቢዋ፦
ወንድሜ፣ ቀርፋፋነቱ ነው እኮ የመጽሐፉ ነፍስ። ሐምሌ 1 ቀን (በነሱ ጁላይ 8) ከሰዓት በኋላ፣ ሙታላ ከተማ አጠገብ፣ መርከብ ከሚሄድበት ከዮታ ቦይ ደለል ሲወጣ የአንዲት ሴት አስከሬን አብሮ ይወጣል። ልብስ የለም፣ መታወቂያ የለም፣ ጠፋች ብሎ የጠየቀም የለም። ስሟን ለማወቅ ብቻ የሚፈጀውን ጊዜ አስቡት። ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ይጠብቃሉ። ስልክ ይደውላሉ፣ ይጠብቃሉ። በጋው አልፎ በረዶው ይመጣል፣ ቤክ ግን አይተዋትም። በሁለት ቀን ጥርግ አድርጎ ያነበበ ሰው ይኼን መጠበቅ አያገኘውም። በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሰው ግን አብሯቸው ይጠብቃል።

ደግሞ አራተኛው ላይ አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ሰው ይገደላል፤ ከሟቾቹ አንዱ ከራሱ ከቤክ ቡድን የሆነ ወጣት ፖሊስ ነው። ገና መጀመሪያው ላይ ስለሚነገር ምሥጢር አላወጣሁም። ልጁን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምረን ካላወቅነው፣ ለኛ ከሟቾቹ አንዱ ብቻ ይሆናል። በቅደም ተከተል ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ አሳመንሽኝ። ሐሳቤን ስቤያለሁ።

የማታ ፈረቃ ነርስ፦
ለኔ በቀን አንድ ምዕራፍ ልክ ነው፣ ከሥራ ስመለስ ቱነልባና (የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር) ላይ ያልቃል። ግን እኔ የማዳምጠው በድምፅ ነው። ይቆጠራል? አምና አንድ ሰው «ማዳመጥ ማንበብ አይደለም» ስላለኝ ነበር ዝም ብዬ የቀረሁት።

ሰብሳቢዋ፦
ይቆጠራል። ዕቅዱ ላይ በጽሑፍ ይገባል፤ በስዊድንኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በድምፅም። አምና ስለተባልሽው በጣም አዝናለሁ፣ ያኔ መናገር ነበረብኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ቅሬታ አለኝ። መናፈሻ ውስጥ የሚገደሉ ትንንሽ ልጆች ነው ታሪኩ። ቦታው ደግሞ ቫናዲስሉንደን ነው፣ ልጄን በየሳምንቱ የማጫውትበት። ጀምሬው ነበር፣ መቀጠል አቃተኝ። ኅዳርን በሙሉ እሱን እያነበብኩ ማሳለፍ አልችልም።

ጋሼ፦
ልጄ፣ ልክ ነሽ። ማንም ይኼን አንብቢ ብሎ አያስገድድሽም። እኔ የማቀርበው፣ ያንን ወር ማንበብ ለማይፈልግ ሰው አንዳችን ስለ ፖሊሶቹ ሕይወት ብቻ አንድ ገጽ ጽፈን እንድንሰጥ ነው። ስለ ልጆቹ ምንም ሳይነሳ። ታኅሣሥ ላይ ክሩ ሳይበጠስባት ትቀጥላለች። ገጹን እኔ እጽፈዋለሁ።

ሌላም ነገር ልጨምር። እነዚህን ዓመታት ስታነቡ እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1965 ነው ብላችኋል። በኛ 1957 የካቲት ላይ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣበት ዓመት ነው። የመጨረሻው በ1975 ወጣ፤ በኛ የካቲት 1967 የመሬት አዋጁ ታወጀ። አሥሩ ዓመት አንድ ነው! እዚህ ስዊድን ውስጥ ደግሞ በዚያው በ1965 መባቻ ነው የየከተማው ፖሊስ ተጠቅልሎ በመንግሥት ሥር የገባው። ደራሲዎቹ እስከ መጨረሻው የሚቆጩበት ጉዳይ ይኼ ነው። አራተኛው የሚከፈተው አሜሪካ ኤምባሲ ፊት ለፊት በቬትናም ሰልፍ ነው። ያኔ እኛም ምን ላይ እንደነበርን የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። በየወሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ብትሰጡኝ፣ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት አገር ቤት ምን እንደነበረ እናገራለሁ። ከዚያ አልረዝምም።

ሰብሳቢዋ፦
ጋሼ፣ አሥር ሳይሆን ሃያ ደቂቃ ይውሰዱ። ይኼ ዕቅዱን የኛ የሚያደርገው ነገር ነው። ስለ ዓይንዎ ደግሞ አስቤያለሁ፤ ማየት ለሚቸገር ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ሌጊሙስ የሚባለው የድምፅ መጻሕፍት አገልግሎት ላይ ይመዘግባል፣ መጽሐፉን በድምፅ በነፃ ያገኛሉ። ሰኞ አብረን እንሂድ።

ከማልሞ፦
እኔ እንደ ሁልጊዜው በዙም ነኝ። ግን ስድስተኛው መጽሐፍ የኛ ከተማ ነው፤ ባለሀብቱ እራት ላይ ቆሞ ሲናገር በጥይት የሚመታው ሳቮይ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ሆቴሉም እስከ ዛሬ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ቆሟል። ስድስተኛው ወር የካቲት ነው። የዚያን ወር ስብሰባ እዚህ አድርጉት! ከስቶክሆልም በባቡር አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቡናው ከኔ፣ ማደሪያም ለአምስት ሰው አለኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
የባቡር ቲኬት አስቀድሞ ከተገዛ ይቻላል። ታኅሣሥ ላይ ስማችሁን ስጡኝ። መጻሕፍቱን በተመለከተ አዲስ አንግዛ። ሎፒስ (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ አሮጌዎቹ የኪስ እትሞች በብዛት አሉ፣ የቀረውን ቤተ መጻሕፍቱ ያስመጣልናል።

የማታ ፈረቃ ነርስ፦
አንድ ጥያቄ። የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ላይ ሲደረስ ማቆም የማይቻልበት ጊዜ አለ። ሰባተኛው ላይ ዳላጋታን በሚባለው መንገድ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ቦታ... እኔ እዚያ ላይ «የነገውን ነገ» ማለት አልቻልኩም።

ሰብሳቢዋ፦
መቅደም ይቻላል። ማውራት ግን ቀኑ ከደረሰበት ምዕራፍ አይዘልም። ይኼን ብቻ አጥብቀን እንያዝ።

እስካሁን የተስማማንበትን እንዲህ ጽፌዋለሁ፣ እዩት፦

*«ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 30 የሾቫልንና የቫሎን አሥር መጻሕፍት በወጡበት ቅደም ተከተል፣ በቀን አንድ ምዕራፍ እናነባለን። ሁሉም በሚቀለው ቋንቋ ያነባል ወይም ያዳምጣል። በየወሩ 15ኛው ቀን ማታ ለ45 ደቂቃ በዙም እንገናኛለን። አዲሱ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ በአካል ተገናኝተን ስላለቀው መጽሐፍ እንወያያለን። የካቲት ላይ የምናነበውን ስድስተኛውን መጽሐፍ ማልሞ ሄደን እንወያያለን። በኅዳሩ መጽሐፍ ፋንታ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ የአካል ስብሰባ ላይ ጋሼ መጽሐፉ ስለወጣበት ዓመት 20 ደቂቃ ይናገራሉ። ሐምሌ ላይ ስቶክሆልም ውስጥ ከኦደንፕላን አደባባይ ተነስተን መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን ቦታዎች፣ ዳላጋታንን፣ ቫናዲስሉንደንንና ኖራ ስታሹንስጋታንን በእግር እንዞራለን።»*

የሁለት ልጆች እናት፦
የእግር ጉዞው ላይ ቫናዲስሉንደንን አታውጡት። ያኔ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። የአራተኛው መጽሐፍ አውቶቡስ የቆመበት የኖራ ስታሹንስጋታን አካባቢ ግን ዛሬ ብዙ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶበታል፣ የድሮ ፎቶ ይዘን ብንሄድ ጥሩ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ነገር ጎድሏል። የስምንተኛው መጽሐፍ ወር ሚያዝያ ነው። የፋሲካ ሳምንት ማን ያነባል?

ሰብሳቢዋ፦
እውነት ነው። «ከስቅለት እስከ ዳግም ትንሣኤ ንባብ የለም፣ የቀረው ምዕራፍ በቀጣዮቹ ቀናት ሁለት ሁለት እየሆነ ይካካሳል» ብዬ ጨምሬዋለሁ። ሌላ ከሌለ ቅዳሜ ማታ እልከዋለሁ።

ጋሼ፦
ላኪው። ዛሬ ሎፒስ ላይ «ሮሴአና»ን ሦስት ቅጂ አግኝቼ ገዝቻለሁ። አንዱ ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ በፕላስተር አያይዤዋለሁ። ለማን ላስቀምጥ?

የማታ ፈረቃ ነርስ፦
ጋሼ፣ የተገነጠለውን ለኔ። ድምፁን እየሰማሁ በዓይኔም ልከተለው።