ክርስትና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንዴት እንዲህ ሥር ሰደደ?

ሎኬሽን_ሱቅ፦

ሰላም ቤቶች። ሊምፖፖ ውስጥ ሎኬሽን ላይ፣ ማለትም ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ሱቅ አለኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ደረታቸው ላይ ኮከብ ያደርጋሉ። ትንሽ የብር መልክ ያላት ኮከብ ናት፣ ዜድ ሲ ሲ (የጽዮን ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን) የሚል ፊደል አላት፣ ከሥሯ አረንጓዴ ጨርቅ አለ። ቱታ ለብሰውም፣ ታክሲ ሲሳፈሩም፣ ለቅሶ ሲሄዱም አትወልቅም። እነዚህ ሰዎች ሲጋራና ቢራ አይነኩም፣ የአሳማ ሥጋም አይበሉም። አንድ አባት አሉ፣ ካኪ ልብሳቸውን ተኩሰው፣ ትልቁን ነጭ ጫማቸውን ወልውለው ወደ ጸሎት ሲሄዱ ሳያቸው ደስ ይለኛል። ወንዶቹ በዚያ ጫማ እየዘለሉ መሬቱን ሲመቱት ሱቄ ድረስ ይሰማል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀው አባባል አለ፦ ነጮቹ ሲመጡ እነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው፣ እኛ መሬት ነበረን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ጸልየን ስንገልጥ መጽሐፉ እኛ ጋ መሬቱ እነሱ ጋ ሆነ ይላሉ። እሺ፣ እንዲያ ከሆነ መሬቱን የተነጠቀው ሕዝብ ራሱ ሃይማኖቱን ለምን እንዲህ አጥብቆ ያዘው? ጋብቻውን፣ ቀብሩን፣ ቤተሰቡንስ እንዴት ለወጠው? «ታለሉ» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። በየቀኑ የማያቸው ሰዎች የተታለሉ አይመስሉም።

የፕሪቶሪያዋ፦

ወንድሜ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ደግሞ ከሴቶቹ በኩል ያየሁትን ልንገርህ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከተማ ወጥተህ ተመልከት። ቀይ ሸሚዝ፣ ነጭ ኮሌታ፣ ነጭ ቆብ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ እናቶች በቡድን ሲሄዱ ታያለህ። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የእናቶች ጸሎት ማኅበር ናቸው፣ ማንያኖ ይባላል። ሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት የየራሳቸው አላቸው፣ ቀለሙ ይለያያል እንጂ። ለምን ሐሙስ? የቤት ሠራተኞች እረፍት የሚያገኙት ሐሙስ ከሰዓት ስለነበር። ማኅበሩ የቆመው በሠራተኛዋ ሰዓት ነው፣ በቄሱ ሰዓት አይደለም።

አስበው እንግዲህ። በዚያ ዘመን ሴትየዋ ማዳም ግቢ ውስጥ ከኋላ ባለች ክፍል ትኖራለች። ባሏ ማዕድን ማውጫ ነው፣ ወንዶች ብቻ በሚታጎሩበት ካምፕ ይተኛል። ልጆቿ ገጠር አያታቸው ጋ ናቸው። የራሷን ልጅ ጥላ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ሐሙስ ሲመጣ ግን እህቶቿ መሀል ትቆማለች፣ ያስጨነቃትን በድምፅ ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፣ ሌሎቹ መዝሙር አንስተው ይይዟታል። ከዚያ ተነስታ እሷም በተራዋ ሌላዋን ትይዛለች። የምትጸልየውም በአብዛኛው ለልጆቿ ነው፣ በተለይ ሩቅ ላለች ሴት ልጅ።

ቀብር ደግሞ ሌላ ነው። ሰው ሲሞት ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ሟች ቤት ጸሎት ይደረጋል፣ ቀብሩ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዩኒፎርም የለበሱት እናቶች ከፊት ይቆማሉ። የእኛን ዕድር የሚመስል የቀብር ማኅበር አላቸው፣ በየወሩ ያዋጣሉ። አንድ ጎረቤቴ ባሏ የሞተ ጊዜ ድስት ተሸክመው የመጡት፣ ሌሊት አብረዋት ያደሩት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ዘመድ ከሩቅ እስኪደርስ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እኔ እንደገባኝ ለጥያቄህ መልሱ እዚህ ጋ ነው። ቤተሰብ በሥራና ጥቁሮች ያለ ፈቃድ ወረቀት ከተማ እንዳይኖሩ በሚከለክለው የመታወቂያ ሕግ ሲበታተን ቤተሰብ ሆና የቆየችው ቤተ ክርስቲያን ናት።

ታሪክ_ፈላጊ፦

እህቴ ያለችው ልክ ነው። እኔ ከታሪኩ ልጨምር፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሃይማኖቱን ነጮች አመጡት፣ ግን በነሱ እጅ አልቀረም። ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ቄሶች ስብሰባቸው ለየብቻ ተደረገ፣ ደመወዙም ክብሩም እኩል አልነበረም። በ1892 ለቀው ወጡና ፕሪቶሪያ ላይ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። ስሟን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አሏት። ከመዝሙረ ዳዊት «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን ይዘው ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ ከዓድዋ 4 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ከሚሲዮኖች የወጡ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት «ኢትዮጵያውያን» ተባሉ፣ መንግሥትም በጥርጣሬ ይከታተላቸው ነበር። እኛ ስለነሱ ሳናውቅ እነሱ በስማችን ይጸልዩ ነበር ማለት ነው። ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

የደንበኞችህ ኮከብ ግን ከሌላ መስመር የመጣች ናት። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ጽዮን የምትባል ከተማ የቆረቆረ ዳዊ የሚባል ሰባኪ ነበር፣ ሰው በጸሎት ይድናል እያለ የሚያስተምር። በ1904 መልእክተኞቹ ደቡብ አፍሪካ ደረሱ። ትምህርቱን የተቀበሉት ጥቁር አማኞች በራሳቸው መንገድ ወሰዱት። ኤንጌናስ ሌካንያኔ የሚባሉ ሰው በ1920ዎቹ የዛሬዋን ዜድ ሲ ሲ አቆሙ። በ1948 ሲያርፉ ሁለቱ ልጆቻቸው ተለያዩ፣ የኤድዋርድ ወገን ኮከብን ያዘ፣ የጆሴፍ ወገን እርግብን። ስለዚህ ሱቅህ ውስጥ እርግብ ያደረገ ካየህ ከሌላው ወገን ነው፣ እንዳትቀላቅላቸው።

ለምን ሰው ወደዳቸው? በሽታ ነዋ ዋናው። ሚሲዮኑ ሐኪም ቤት ሂድ ይላል፣ ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። ጥንቆላ ፈርቶ እንቅልፍ ያጣውን ሰው ደግሞ «ይሄ አጉል እምነት ነው» ብሎ ይሸኘዋል። እነዚህ ግን ችግሩን ሰምተው ይጸልዩለታል፣ የተጸለየበት ውኃና ሻይ ይሰጡታል። ጠበል ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ለመረዳት አይከብድም። መጠጥ መከልከሉም ትልቅ ነገር ነው። ደመወዙን አርብ ማታ መጠጥ ቤት የማይጥል አባት ቤት ይሠራል፣ ልጅ ያስተምራል።

ፖለቲካውም ከዚያው ነው የወጣው። በ1912 ኤ ኤን ሲ፣ ኋላ የማንዴላ ፓርቲ የሆነው የጥቁሮች የነፃነት ድርጅት፣ ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ዱቤ ፓስተር ነበሩ። የብሔራዊ መዝሙሩ መነሻም ሶንቶንጋ የሚባል የሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር በ1897 የደረሰው ጸሎት ነው። ማንዴላም የተማሩት በሜቶዲስት ትምህርት ቤቶች ነው። አፓርታይድ በ1953 የባንቱ ትምህርት ሕግ አውጥቶ እነዚያን ትምህርት ቤቶች ከሚሲዮኖች እጅ የወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሆሳዕና_ልጅ፦

ሁላችሁም ቆንጆ ጽፋችኋል ግን አንዱ ጎን ቀርቷል። እኔ ራሴ አማኝ ነኝ፣ ለዚህም ነው ዝም ማለት ያልፈለግኩት።

የሆላንድ ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን በ1857 በሲኖዶስ ተሰብስባ ጥቁሮች ለብቻቸው እንዲያመልኩ ፈቀደች። ምክንያቱ «ለአንዳንዶች ድካም ሲባል» ነበር፣ ማለትም ከጥቁር ጋር አብሮ መቁረብ ለከበዳቸው ነጮች። ያ የአንድ ጊዜ ፈቃድ የሚመስል ነገር ሥርዓት ሆነ፣ ኋላም አፓርታይድን በመጽሐፍ ቅዱስ እስከ መደገፍ ደረሰ። ይሄን ሳንጠራ ስለ መዝሙሩና ስለ ማኅበሩ ብቻ ብናወራ ግማሹን ነው የምንናገረው።

ጋብቻን ጠይቀሃል ወንድሜ። ከጎረቤት ቦትስዋና አንድ ታሪክ ልንገርህ። ሴቼሌ የባክዌና ሕዝብ ንጉሥ ነበሩ፣ ሊቪንግስተን የሚባሉ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ በ1848 አጠመቋቸው። ከመጠመቃቸው በፊት ግን አምስት ሚስቶች ነበሯቸው፣ አንዷን አስቀርተው ሌሎቹን ወደየቤታቸው ሰደዱ። እዚያ አገር ንጉሥ ሚስት ሲያገባ ከወገኗ ጋር ነው የሚተሳሰረው፣ ከነዚያ ሴቶች አባቶች ውስጥም ለንጉሡ ቤት ባለውለታ የነበሩ አሉ። ጥምቀቱ ዕለት ሽማግሌዎች አለቀሱ። በዓመቱ ከተሰደዱት አንዷ ከራሳቸው አርግዛ ተገኘች፣ ሊቪንግስተንም ከቁርባን አገዳቸው።

ብዙ ሰው ይሄን የንጉሡ ድክመት አድርጎ ያወራዋል። እኔ ግን ሴትየዋን ነው የማስባት። ትናንት የንጉሥ ሚስት ነበረች፣ ዛሬ ምንድን ናት? ምንም ሳታጠፋ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አንድ ለአንድ የሚለውን አምናለሁ፣ ለሴት ልጅም ይሻላል እላለሁ፣ ግን ዋጋውን የከፈለው ሕጉን ያወጣው ሰው አልነበረም። ይሄ በብዙ የአፍሪካ አገር የተደገመ ነገር ነው። ሴቼሌ ግን ሊቪንግስተን ሄደው እንኳ አልተዉም፣ ለሕዝባቸው ራሳቸው ይሰብኩ፣ ያስተምሩ ነበር። አስቡት፣ ያገዷቸው ሰው አገሩን ለቀው እሳቸው ቀሩ።

የፕሪቶሪያዋ፦

የሆሳዕናው፣ እግዜር ይስጥህ። ስለ ሴትየዋ ያልከው ትክክል ነው። በማንያኖም ቢሆን ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ዩኒፎርም የምትከለከልበት አለ፣ ያ ያሳዝነኛል። ያፈረችው ልጅ በጣም በሚያስፈልጋት ሰዓት ነው የምትገፋው።

ሎኬሽን_ሱቅ፦

ቤቶች በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። እርግብ ያደረጉም አሉ ለካ፣ ከአሁን በኋላ አያለሁ። የማዕድን ማውጫውን ነገር ከአባቴ እኩያ ደንበኞቼ ጋር ማውራት እፈልጋለሁ፣ ብዙዎቹ ያሳለፉት ነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ለፋሲካ ሞሪያ፣ የዜድ ሲ ሲ ዋና መቀመጫ፣ ይሄዳሉ ሲሉ እሰማለሁ። ስንት ሰው ነው የሚሄደው? ከጆበርግ ዕቃ ማምጣት አለብኝና።

ታሪክ_ፈላጊ፦

ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሄዳል ይባላል። ሞሪያ ከፖሎክዋኔ ብዙ አትርቅም፣ ኤን 1 መንገድ በአውቶቡስና በታክሲ ይሞላል። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፣ ስለዚህ በነሱ ካላንደር አይተህ ከስቅለት ሁለት ሦስት ቀን በፊት ዕቃህን አስገባ። የሱቁንም ዕቃ አስብበት፣ ሰው ለመንገድ ዳቦ፣ ሻይ፣ ስኳርና ውኃ ነው የሚገዛው።